የባሕር ዳርቻ ሱፍ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባሕር ዳርቻ ሱፍ (በሳይንሳዊ ስሙ ሄልያንተስ ዴቢሊስ) በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እየተሳበ የሚያድግ፣ የእርሻችን የሱፍ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። ዙሪያው ቢጫ፣ መካከሉ ጠቆር ያለ ቡናማ አበባ ያወጣል። በየግቢው ተተክሎ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተረስቶ ሳይሆን እንክብካቤ በዝቶበት ነው።

አፈሩን ማዳበር፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተክሉ የለመደው ውሃ የማይቋጥር ድሃ አሸዋ ነው። ኮምፖስት ወይም ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ሲያገኝ ቅጠሉ ይበዛል፣ አበባው ይቀንሳል፤ ግንዱም ለስላሳ ሆኖ ስለሚረዝም ክብደቱን መሸከም አቅቶት ከመካከሉ ተከፍቶ ይተኛል። ጉድጓዱን መልሰው የሚሞሉት ከዚያው ባወጡት አሸዋ ይሁን። በችግኞቹ መካከል ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ መሬቱን ራሳቸው ይሸፍኑታል።

ውሃ ማብዛት፦ ሥር እስኪሰድ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ያጠጡትና ያቁሙ። ለሣሩ ተብሎ በየጊዜው በሚከፈተው የውሃ መርጫ ሥር ከተተከለ ሥሩ ይበሰብሳል። በቀትር ፀሐይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ካልተቃና ያኔ ያጠጡ።

ዘሩ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ፦ ይህን ልምድ ያላቸው አትክልተኞች እንኳ ይዘነጉታል። ዝርያው በውስጡ ንዑስ ዝርያዎች አሉት። ዴቢሊስ የሚባለው የፍሎሪዳ ምሥራቅ ዳርቻ ተክል ነው። ቬስቲተስ በምዕራቡ ዳርቻ ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ኩኩሜሪፎሊየስ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቴክሳስ ተክል ነው። ችግሩ እርስ በርሳቸው መዳቀላቸው ነው፤ በችግኝ ቤቶች በብዛት የሚሸጠው የምሥራቁ ስለሆነ፣ በምዕራብ ዳርቻ ሲተከል ንቦች የአበባ ዱቄቱን ወደ ቬስቲተስ ያደርሱታል፤ የአገሬው ተክልም ቀስ በቀስ ተደቅሎ ሊጠፋ ይችላል። በምዕራቡ ዳርቻ ባሉት በታምፓ ወይም በሳራሶታ ከተሞች አካባቢ ያለ ሰው ንዑስ ዝርያውን ለይቶ የማይነግረው ሻጭ ካጋጠመው ባይገዛ ይሻላል።

ከዌዴሊያ ጋር ማምታታት፦ ዌዴሊያ ከሌላ አገር መጥቶ ፍሎሪዳን የወረረ አረም ነው፤ እሱም ቢጫ ነው፣ እሱም ይሳባል። ሲለዩ አበባውን ብቻ አይዩ። የዌዴሊያ ቅጠል የሚያብረቀርቅና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ ነው፤ የአበባው መካከልም ቢጫ ነው። የሱፉ ቅጠል ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ግንዱ ላይም እየተፈራረቀ ይወጣል።

ከዳርቻው ነቅሎ መውሰድ፦ አሸዋውን ከነፋስ የሚይዙት እነዚህ ተክሎች ናቸው፤ ተነቅሎ የመጣውም ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ከጎረቤት ግቢ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቀንበጥ ቆርጠው እርጥብ አሸዋ ላይ ቢተክሉ በቀላሉ ሥር ያወጣል።

ተክሉ በነፋስ የሚመጣውን የባሕር ጨው ይችላል፤ የጨው ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን አይሆነውም። ጥላም አይወድም።

ወፍራም ጉዝጓዝ ማልበስ፦ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቦታውን የሚይዘው ራሱ በሚያረግፈው ዘር ነው። ጉዝጓዙ አሸዋውን ሸፍኖት ዘሩ ባዶ አሸዋ ካላገኘ እናት ተክሏ ስትደርቅ ተተኪ አይኖርም። ያረጀውን ሲከረክሙ ቅጠል ያለበትን ክፍል አልፈው ደረቁ ግንድ ድረስ አይውረዱ፤ ከዚያ መልሶ ላያቆጠቁጥ ይችላል። በዙሪያው የሚበቅሉትን ሻካራ ቅጠል ያላቸውን ቡቃያዎች እንደ አረም አይንቀሏቸው። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ገና ትንንሽ ሳሉ ከነአሸዋቸው ያንሷቸው።