የስታርች መፈጨት ከአፍ እንደሚጀምር በምራቅና በአዮዲን ማሳየት

እንደ ዳቦና ድንች ስታርች ያለበትን ምግብ ሳንውጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስናኝከው ቀስ በቀስ ጣፈጥ ይለናል። ለውጡ የሚመጣው በምራቅ ውስጥ የሚገኘው አሚላዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ስኳርና ወደ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ስለሚቆራርጠው ነው። የምላስ ምስክርነት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለዓይን የሚታይና ሊደገም የሚችል ማስረጃ የሚሰጠን አዮዲን ነው። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስታርቹ ተሰባብሮ ካለቀ ግን የራሱን ቢጫማ ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል።

በቅድሚያ 1 ግራም የስታርች ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ 100 ሚሊ ሊትር በሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩና ድፍርሱ ጠራ ሲል አውርደው ያቀዝቅዙት። ጥሬ ስታርች በጠጣር ቅንጣቶች ውስጥ ተጠቅጥቆ ስለሚገኝ ኢንዛይሙ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ውሃና ሙቀት ግን ቅንጣቶቹን አሳብጠው ይከፍቷቸዋል። ስታርች የበዛበት ምግብ ሲበስል ለመፈጨት የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ አፍዎን በንጹህ ውሃ ተጉመጥምጠው 3 ሚሊ ሊትር ያህል ምራቅ ያጠራቅሙና በእኩል መጠን ውሃ ያቅጥኑት። ምራቅ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብቻ ይጠቀም፤ ሙከራው በክፍል ውስጥ ከተሠራ ይህ ደንብ በጥብቅ መከበር አለበት።

አራት የመስታወት ቱቦዎች ያዘጋጁ። በመጀመሪያው 1 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ምራቅ፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል ውሃ፣ በሦስተኛው ለጥቂት ደቂቃዎች ፈልቶ የቀዘቀዘ ምራቅ፣ በአራተኛው ከ1 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ጋር የተቀላቀለ ምራቅ ያድርጉ። ሁሉንም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ካቆሙ በኋላ በእያንዳንዳቸው ላይ 5 ሚሊ ሊትር የስታርች ውህድ ይጨምሩ። ሦስተኛው ቱቦ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ እምነት ግን የሙከራው ክብደት ያረፈው በእሱ ላይ ነው። ውሃ ያለበት ቱቦ የሚነግረን ስታርች በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ እንደማይፈርስ ብቻ ሲሆን፣ የፈላው ምራቅ ሥራውን አለመሥራቱ ግን ስታርቹን የሚሰባብረው ነገር ሙቀት የሚያበላሸው መሆኑን ያመለክታል፤ ኢንዛይም ፕሮቲን በመሆኑ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

በነጭ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎችን በረድፍ ያንጠባጥቡና ከየቱቦው በየደቂቃው አንድ ጠብታ እየወሰዱ በላያቸው ያሳርፉ፤ ለየቱቦው የተለየ ማንጠባጠቢያ ይኑርዎት። ከመጀመሪያው ቱቦ የሚወሰደው ጠብታ በመነሻው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የአዮዲኑ ቀለም ሳይለወጥ ይቀራል። ሌሎቹ ሦስቱ እንደጠቆሩ ይቆያሉ። አዮዲኑን ሞቃት ቱቦ ውስጥ አይጨምሩት፤ ሙቀት ጥቁር ሰማያዊውን ቀለም ስለሚያጠፋው ያልተፈጨው ስታርች የተፈጨ ሊመስል ይችላል። ለውጡ የሚወስደው ጊዜ ከሰው ሰው ቢለያይ አያስገርምም፤ ለምራቅ አሚላዝ መሠረት የሆነው ዘረመል ቅጂ ብዛት በሁሉም ሰው እኩል አይደለም።

ኮምጣጤ ያለበት ቱቦ በጨጓራ ውስጥ የሚሆነውን በከፊል ያሳያል። የተዋጠው ምግብ ከጨጓራ አሲድ ጋር በደንብ ሲቀላቀል የምራቁ አሚላዝ ሥራውን ያቆማል፤ የቀረውን ስታርች ቆሽት የሚያመነጨው አሚላዝ በትንሹ አንጀት ውስጥ ይሰባብረዋል። የአንጀቱ ግድግዳ ኢንዛይሞች ማልቶሱን ወደ ግሉኮስ ከለወጡት በኋላ ነው ወደ ደም የሚገባው፤ ጉበት ከዚህ የተወሰነውን ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት አድርጎ ያከማቻል።

ይህ የአፍ ውስጥ ሥራ በሁሉም እንስሳት ዘንድ የለም። የላም ምራቅ ስታርችን ለመፍጨት የሚጠቅም አሚላዝ የለውም፤ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሊደርስ የሚችለው ይህ ምራቅ ዋና አገልግሎቱ በያዘው ባይካርቦኔት በጨጓራዋ የመጀመሪያ ክፍል ያለውን አሲድ ማለዘብ ነው። በዚያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በበኩላቸው የዕፅዋት ጭረት የተሠራበትን ሴሉሎስ አብላልተው ላሟ ለኃይል የምትጠቀምባቸውን የስብ አሲዶች ያስገኙላታል። ሴሉሎስም እንደ ስታርች ከግሉኮስ የተሠራ ቢሆንም የሰንሰለቱ ማያያዣ የተለየ ስለሆነ አሚላዝ አይቆርጠውም። ይህንንም ለማየት ከፈለጉ በአምስተኛ ቱቦ ውስጥ ከሴሉሎስ የተሠራ ጥቂት ንጹህ ጥጥ በምራቅ ነክረው ከሌሎቹ ጋር ያቆዩት፤ ጥጡ ሳይሟሟ እንዳለ ያገኙታል።