ዶርም ውስጥ ድብርት ሲይዝ ከአልጋ እንዴት ይወረዳል?

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የላይኛው አልጋ የእኔ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኮርኒሱን አያለሁ። የጠዋቱ ክላስ ያልፋል፣ ምሳም ያልፋል። እናቴ ስትደውል ጉሮሮዬን ጠርጌ «አለሁ እማዬ፣ ጥናት ላይ ነኝ» እላለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ተመልሼ እከናነባለሁ። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ራሴን በሰደብኩ ቁጥር ግን መውረዱ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር።

ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤታችን 1ኛ እየወጣን ነው ግቢ የገባነው። ምደባው ከቤት የአንድ ቀን መንገድ ያርቀናል። የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ከ30 ዘጠኝ ሲመጣ ደግሞ ራሳችንን የምናውቅበት ነገር ይናጋል።

1. ሁለት ሳምንት ቁጠሩ

ግቢ ውስጥ «ደብሮኛል» የማይል የለም። ውሃ ሲጠፋም ይደብራል፣ ካፌ ሽሮ ሲደጋገምም ይደብራል። ያ በማግስቱ ይለቃል። ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ነገሮች ይጠይቃል። ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር አስጠልቷችኋል? እንቅልፍና ምግብ እንዴት ነው? ራሳችሁን እንደማይረባ ትቆጥራላችሁ? ሙሉውን መጠይቅ ፈልጋችሁ ዛሬ ሙሉት። እያንዳንዱ መልስ ከ0 (በጭራሽ) እስከ 3 (በየቀኑ ማለት ይቻላል) ነጥብ አለው። ድምሩ ከ5 እስከ 9 ከሆነ መለስተኛ ይባላል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይያችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብና ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ላይ መልሳችሁ ከ0 ከበለጠ ድምሩን ተዉት። ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ድብርት ይመስላሉ። ክሊኒክ ስትሄዱ ይህንንም ጠይቁ።

2. ስሜቱን ሳትጠብቁ ውረዱ

ስለደበራችሁ ክላስ ትቀራላችሁ። ስለቀራችሁ ሰው አታገኙም፣ ኖት ያመልጣችኋል፣ ፀሐይ አይነካችሁም። ይሄ ይብሱን ያደብራል። ስለዚህ «ስሜቴ ሲስተካከል እነሳለሁ» ማለት አያዋጣም። ስሜቱ የሚመጣው ከተነሱ በኋላ ነው፤ ያውም ዘግይቶ።

ሥራውን አሳንሱት። እኔ የጀመርኩት ካልሲ በማጠብ ነው። ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ትንሽ ኦሞ፣ ከዶርሙ ጀርባ ያለው ቧንቧ። ሳሰጣቸው ምንም ደስታ አልተሰማኝም። ግን 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ የክፍላችን ልጅም «አንተ ሰውዬ፣ የት ጠፋህ?» አለኝ። በማግስቱ ገላዬን ታጠብኩ፤ ከዚያ ቀጥሎ ቁርስ መጣ።

ማታ ማታ ለነገ ሁለት ነገር ብቻ ከነሰዓቱ ጻፉ። አንዱ የግድ የሚሠራ፣ ለምሳሌ የአሳይመንቱ 1ኛ ጥያቄ። ሌላው ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረ፣ ኳስም ይሁን መዝሙር። «ነገ ቸክዬ ያለፈኝን ሁሉ እሸፍናለሁ» የሚል እቅድ ይቅርባችሁ። ማታ ላይ ራስን ለመስደብ ሰበብ ከመሆን አያልፍም።

3. ሌሊቱን መልሱ

የመኝታ ሰዓቱ ቢያስቸግር የመነሻውን ሰዓት አጥብቃችሁ ያዙ። ፈተና ሲደርስ በጫት ማደር የተለመደ ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርት የቀመሰው ያውቀዋል። በላዩ ጨብሲ ከተጨመረ እንቅልፉ ጭራሽ ይበላሻል።

4. ለአንድ ሰው ንገሩ

«ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ነው ያደግነው። ረጅም ኑዛዜ አያስፈልግም። እኔ የታችኛው አልጋ ላይ ለሚተኛው ልጅ «ሰሞኑን ደህና አይደለሁም፤ ክላስ ስትሄድ ቀስቅሰኝ» ነው ያልኩት። ምክር አልሰጠኝም። ጠዋት ብርድ ልብሱን ገፎ ወሰደው፤ በቃ። እንደዚህ ያለ ሰው ፈልጉ።

ግቢያችሁ የምክር አገልግሎት ካለው ሳይብስ ሂዱ። ለመለስተኛ ድብርት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ስለዚህ «ክኒን ያስጀምሩኛል» ብላችሁ አትፍሩ። ጸበልም ዱዓም ከባለሙያ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል።

ትምህርቱ ጨርሶ ካልተቻለ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ) ፎርም ሞልታችሁ ውጡ። ዝም ብሎ ጠፍቶ መመለስ ጣጣው ብዙ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘጠኙን ጥያቄዎች እንደገና መልሱና ከዛሬው ድምር ጎን ጻፉት። ቁጥሩ ከጨመረ ወረቀቱን ይዛችሁ ክሊኒክ ግቡ።