የሰፈር ካርታ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ ቤት የሚጠቆመው በምልክት ነው። «የአዌቱን ወንዝ ሳትሻገሪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ይባላል። የስልክ ካርታ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ለእንግዳም ለእድርም በእጅ የተሠራ ካርታ ትልቅ ነገር ነው።

ባለካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ሜትር ያዙ። ሜትሩን ከአናጢ ተዋሱ፣ አትግዙ።

መጀመሪያ እርምጃችሁን እወቁ። ደረቅ ሜዳ ላይ 50 ሜትር ለኩና እንደ ወትሮው እየተራመዳችሁ ቁጠሩ። 70 እርምጃ ከወጣ አንዱ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጭቃ ላይ አትሞክሩት፣ እርምጃ ያጥራል።

ቀጥሎ ሰሜን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሰሜኑ ከተሳሳተ ካርታው በሙሉ ይዞራል።

ብዙ ሰው «ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚለውን ይዞ ይወጣል። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይሆናል። ሰዓቱም ያሳስታል። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጅማ ደግሞ 37 አካባቢ ናት። እውነተኛው ቀትር እኛ ጋ 6፡30 ገደማ ነው።

ስለዚህ ቀትርን ተዉት። ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ፣ መቆሙንም በቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ክር) አረጋግጡ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ድንጋይ አስቀምጡ። ከእንጨቱ ሥር ገመድ አስራችሁ በድንጋዩ ላይ የሚያልፍ ክብ መሬት ላይ ጫሩ። ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ጥላው ክቡን ዳግም ሲነካ ሁለተኛ ድንጋይ አኑሩ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። የጠዋቱ ድንጋይ በግራ፣ የከሰዓቱ በቀኝ ሆኖ ስትቆሙ ፊታችሁ ሰሜን ነው። ደመና ካለ ለሌላ ቀን አሳድሩት። የስልክ ኮምፓስ ብረት በርና ቆርቆሮ አጠገብ ይዛባል፤ እኔ ለማመሳከሪያ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትርን ለ10 ሜትር መድቡ። የደብተሩን አናት ወደ ሰሜን አዙሩ፣ ማስመሪያውን በመንገዱ አቅጣጫ አነጣጥሩና አስምሩ። መታጠፊያው ድረስ በእርምጃ ለኩ። እዚያ ስትደርሱ ያሰመራችሁት መስመር ወደ መጣችሁበት እንዲያመለክት ደብተሩን አስተካክሉና ቀጣዩን መንገድ አስምሩ። ዋናው መንገድ ይቅደም፣ ቅያሶቹ ይከተሉ።

ሁሉንም ቤት አትሳሉ። ዋርካው፣ ድልድዩ፣ የሕዝብ ቧንቧው፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚይዘው መተላለፊያ ይበቃሉ። የሱቅ ስም ቶሎ ይቀየራል፣ ተዉት። አቋራጭ ለማወቅ የሰፈሩን ልጆች ጠይቁ።

የምልክቶቹን መፍቻ፣ ስኬሉንና ቀኑን ጥግ ላይ ጻፉ። ቀለም መቀባት ካማራችሁ ፎቶ ኮፒው ላይ ቀቡ፤ ዋናው በእርሳስ ይቆይ፣ አዲስ መንገድ ሲወጣ ታርሙታላችሁ።