ፓንዳስ ላይ ትንሹን ረድፍ አምጣ ስትሉት ሌላ ሲያመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ እንዲህ ነው። በፓንዳስ (ዳታ የሚሰራበት የፓይተን ላይብረሪ) ዋጋ የሚል ኮለም ያለው ዴታፍሬም፣ ማለትም ሰንጠረዥ፣ አላችሁ፣ በሶርት ቫልዩስ ደርድራችሁ በሄድ የላይኞቹን 5 ረድፍ ስትወስዱ 12,500 አናት ላይ ቁጭ ብሎ 9,800 ታች ቀርቷል። ኤረር የሚባል ነገር የለም፣ ለዛ ነው እኔ ይሄን ከሁሉም በላይ የምፈራው፣ ሰው አምኖት ሪፖርት ውስጥ ያስገባዋል። አንዴ እኔም አስገብቼ ሰው ነው ያየልኝ።

ምክንያቱ ኮለሙ ቁጥር ሳይሆን ስትሪንግ (ጽሁፍ) ስለሆነ ነው። በኮማው ምክንያት ወይ አንዱ ሴል ላይ "ብር" ተብሎ ስለተጻፈ ፓንዳስ ፋይሉን ሲከፍት ኮለሙን በሙሉ እንደ ጽሁፍ ይይዘዋል፣ ጽሁፍ ደግሞ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እየተነጻጸረ ነው የሚደረደረው፣ 1 ከ9 ስለሚቀድም 12,500 ከ9,800 ያንሳል ማለት ነው። በዚህ በኩል ኤንስሞለስት (ትንሾቹን ረድፎች ቀጥታ የሚያወጣው ትዕዛዝ) ይሻላል፣ ጽሁፍ ከሰጣችሁት ታይፕ ኤረር ብሎ ይቆማል እንጂ አይሸውዳችሁም።

መፍትሄው፣ መጀመሪያ ዲታይፕስን (የእያንዳንዱን ኮለም ዓይነት የሚያሳየውን) እዩ። ኮማውን በስትሪንግ ሪፕሌስ አጥፉ፣ ከዛ በቱ ኑሜሪክ ወደ ቁጥር ቀይሩ፣ ኤረርስ የሚለውን ኮኧርስ ካደረጋችሁት ያልተቀየሩት ናን (ባዶ ዋጋ) ይሆናሉ። ግን እባካችሁ ስንት ናን እንደመጣ ሳትቆጥሩ አትለፉ፣ የጠፋው ረድፍ ትንሹ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ሲኤስቪ ከሆነ ገና ስታነቡት ታውዛንድስ ላይ ኮማ ብትሰጡት የኮማው ጣጣ ያልቃል።

አናት ላይ የመጣው ዋጋ ሁሉ 0 ወይ -999 ከሆነ ደግሞ ዳታውን የሞላው ሰው ባዶውን በዛ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ከመደርደራችሁ በፊት ወደ ናን ቀይሩት።

3 ትንሾችን ጠይቃችሁ እኩል ዋጋ ያለው አራተኛ ረድፍ ከቀረባችሁ፣ ኤንስሞለስት ካልነገራችሁት ኪፕን (እኩል ሲሆኑ የትኛው ይያዝ የሚለውን) ፈርስት አድርጎ ነው የሚሰራው፣ ቀድሞ ያገኘውን ይዞ ሌላውን ይጥላል። ኪፕን ኦል አድርጉት፣ ያኔ ከ3 በላይ ረድፍ ሊመጣ ስለሚችል ቀጣዩ ኮዳችሁ ልክ 3 እንዳይጠብቅ።

ከየከተማው ትንሹን ለማውጣት በግሩፕባይ በከተማ ከፋፍላችሁ አይዲኤክስሚን ያወጣውን ኢንዴክስ (የትንሹን ረድፍ መለያ) ረድፉን ለሚያመጣው ለሎክ ስጡት። እዚህ ጋ ያልጠበቃችሁት ረድፍ ተጨምሮ ከመጣ ኢንዴክሱ ተደጋግሟል፣ ብዙ ጊዜ ፋይሎችን በኮንካት ስትቀላቅሉ የሚመጣ ነው፣ ከግሩፕባይ በፊት ሪሴት ኢንዴክስ በድሮፕ ትሩ አድርጉና እንደገና ሞክሩት።