አልፋልፋ ለላምም ለንብም

መራዊ አካባቢ፣ በቆጋ መስኖ ሥር፣ አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ማልማት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት የሚታለቡ ላሞችና አራት ዘመናዊ ቀፎ አሉኝ።

ከሁሉ በፊት መሬቱን እዩ። የመጀመሪያውን ዘሬን ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ዘርቼው ክረምቱ ሳይወጣ ሥሩ በስብሶ አለቀ። ቀዩ አፈራችን ውሃ ያሳልፋል፤ ችግሩ አሲዳማነቱ ነው። አስመርምሬ፣ ከመዝራቴ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ኖራ በትኜ አረስኩበት።

ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ እዘራለሁ። ማሳው እንደ ጤፍ ማሳ ይለስልስ። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 4 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ በመስመር መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ተዉ፣ ዘሩን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩ። አልፋልፋ በቅሎበት በማያውቅ መሬት ከሆነ፣ ከጤነኛ የቆየ የአልፋልፋ ማሳ ጥቂት አፈር አምጥታችሁ በትኑበት፤ ከሥሩ ጋር ሆነው ናይትሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ከአፈሩ ጋር ይመጣሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ቡቃያ በጥንቃቄ ንቀሉና ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራላችሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን ከማረም አትቦዝኑ። በኋላ የሳሳውን ቦታ በአልፋልፋ ዘር ልሙላ ብትሉ አይሆንም፤ ነባሩ አዲሱን ቡቃያ አያሳድገውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለላም የሚሻለው ከአሥር አገዳ አንዱ ሲያብብ መታጨዱ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አገዳው ይጠነክራል። ንብ ደግሞ ሙሉ አበባ ትፈልጋለች። እኔ ማሳውን ስድስት ቦታ ከፈልኩት። አምስቱን በየተራ፣ እያንዳንዱን በየ35 ቀኑ ገደማ አጭዳለሁ፤ ስድስተኛውን እስኪያብብ እተወዋለሁ። የሚተወውን መደብ በየዙሩ ስለምቀይር እያንዳንዱ ሥሩ አቅም የሚያጠራቅምበት ጊዜ ያገኛል። አደይ አበባው ካለፈ በኋላ፣ በበጋው፣ ያ ሐምራዊ መደብ ለንቦቼ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጠዋት ተቀምጬ አየኋቸው። ንቧ አበባው ላይ አርፋ ምላሷን ስትሰድ፣ ታጥፎ የተቀመጠው የአበባው ዘንግ እንደ ወጥመድ ተፈናጥሮ አገጯን መታት። የለመዱት ንቦች ግን ከጎን በኩል ገብተው፣ ዘንጉን ሳይነኩ ወለላውን ይቀስማሉ። ማር ይሰጣችኋል፣ ዘር ግን በነሱ ብቻ ብዙም አይያዝም፤ ዘንጉን አስፈንጥረው የሚያዳቅሉት ይበልጡን የዱር ንቦች ናቸው። ስለዚህ የዘር ወጪያችሁን ከዚያ አበባ አትጠብቁ።

ሁለት ነገር አደራ። ያበበ መደብ አጠገብ ፀረ ተባይ አትርጩ። እርጥብ አልፋልፋም ለተራበች ላም አትስጡ፤ ጊደሬ ጤዛው ሳይደርቅ በልታ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ የእንስሳት ሐኪም ደርሶ ነው የተረፈችው። አሁን መጀመሪያ የጤፍ ጭድ አበላለሁ፤ ጠዋት የታጨደውን ደግሞ አጠውልጌ ከሰዓት በኋላ አቀርባለሁ።