ከክሩዝ መልስ ለአንድ ሌሊት፦ ስሙ የተደበቀ ርካሽ ሆቴል ሲያዝ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፕራይስላይንና ሆትዋየር በሚባሉት የሆቴል መያዣ ድረ ገጾች ላይ አንዳንድ ሆቴሎች ስማቸው ሳይታይ ይሸጣሉ። ሰፈሩ፣ የኮከቡ ብዛትና ዋጋው ይታያል፤ ስሙ የሚገለጠው ከተከፈለ በኋላ ነው። ሆቴሉ ባዶ የሚያድር ክፍሉን መሸጥ ይፈልጋል፣ በራሱ ስም ዋጋ ሰብሮ መታየት ግን አይፈልግም። እርስዎ ደግሞ የማያውቁትን ሆቴል፣ በማይመለስ ገንዘብ ስለሚገዙ ይቀነስልዎታል። ለሌላ ጉዞ ይሄ ብዙም አይጎዳም። በጠዋት ከመርከብ ወርዶ፣ ሻንጣ እየጎተተ፣ በማግስቱ የሚበር ሰው ግን በቦታው፣ በሰዓቱና በአልጋው ላይ ከተሳሳተ ያተረፋትን ሠላሳ ዶላር እዚያው ይከፍላታል።

ምሳሌዎቹ በብዛት ፍሎሪዳ ውስጥ ካሉት ከፎርት ላውደርዴልና ከማያሚ ናቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ስንል በፈረንጅ 3 ሰዓት ማለታችን ነው።

ዋጋ የሚያቀርቡበት ሳጥን አይገኝም

«60 ዶላር ብለህ ሞክር፣ እምቢ ካሉህ ሌላ ሰፈር ጨምረህ ድገም» የሚል ምክር ሰምተው ፕራይስላይንን ቢከፍቱ ዋጋ የሚጽፉበት ቦታ የለም። ስልክዎ አልተበላሸም፤ ምክሩ ነው ያረጀው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረበትን ይህን አሠራር በ2016 ለአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያ ለኪራይ መኪና፣ በኋላም ለሆቴል አቁሞታል። በቦታው የቀረው ኤክስፕረስ ዲል ነው፤ ዋጋውን እነሱ ይቆርጣሉ፣ እርስዎ ይወስዳሉ ወይም ይተዋሉ። የሆትዋየር ሆት ሬትም እንደዚያው ነው። ፕራይስላይን ላይ ሦስት ሆቴሎችን በስም አሳይቶ ከሦስቱ አንዱን የሚሰጥ ፕራይስብሬከር የሚባል ቅናሽም አለ። ሦስቱንም ካርታ ላይ አይተው ከወደዷቸው ከሁሉም ይልቅ ስጋቱ የሚያንሰው እሱ ነው።

ሆቴሉ ከወደቡም ከኤርፖርቱም ርቆ ተገኘ

የመጀመሪያው ምክንያት የወደቡ ስም ነው። ክሩዙ «ከኦርላንዶ» ተብሎ ይሸጣል፣ መርከቡ የሚቆመው ግን ፖርት ካናቬራል ላይ ነው፤ ከኦርላንዶ ኤርፖርት 45 ማይል ያህል ይርቃል። «ሮም» ሲባል ቺቪታቬኪያ ነው፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ። «ለንደን» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሳውዝሃምፕተን ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል። «ሂውስተን» ጋልቨስተን ነው። የከተማውን ስም ብቻ ጽፎ ስሙ የተደበቀ ሆቴል የሚይዝ ሰው ሆቴሉ ከወደቡ ምን ያህል እንደሚርቅ አያውቅም።

ሁለተኛው የሰፈሩ ስፋት ነው። ድረ ገጹ «ኤርፖርት አካባቢ» ብሎ ካርታው ላይ የሚያከበው ክልል ብዙ ማይል ሊሸፍን ይችላል፤ ሆቴሉ በመሃሉም በዳሩም ሊሆን ይችላል። ካርታውን አሳድገው ዳር ዳሩን ይዩት። «እጅግ ሩቁ ጥግ ላይ ቢጥለኝስ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ መልሱ ካስፈራዎ ያንን ክልል ይተዉት።

የሆቴሉን ሰፈር የሚወስነው የማግስቱ በረራ ነው እንጂ ወደቡ አይደለም። የፎርት ላውደርዴል ወደብ (ፖርት ኤቨርግሌድስ) እና የከተማው ኤርፖርት ጎን ለጎን ናቸው ማለት ይቻላል፤ በመኪና አሥር ደቂቃ ገደማ። እዚያ ኤርፖርቱን ወይም አጠገቡ ያለችውን ዳንያ ቢችን ከመረጡ ሁለቱም ይሳካል። መርከብዎ ፎርት ላውደርዴል ገብቶ በረራዎ ከማያሚ ከሆነ ግን በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል 30 ማይል ያህል አለ፤ የጠዋቱ የመኪና መጨናነቅ ሲጨመርበት ሌላ ታሪክ ነው። እንዲህ ከሆነ በቀን፣ መንገዱ ቀለል ሲል ወደ ማያሚ ተሻግረው እዚያው ይደሩ።

ምን ሆቴል እንደሚደርስዎ ሳይከፍሉ መገመት

ዋጋ መደራደር ከቀረ ወዲህ የቀረው ብልሃት ይሄ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ስሙ የተደበቀውን ቅናሽ ይክፈቱና አምስት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ሰፈሩን፣ ኮከቡን (ግማሿን ጭምር፤ 2.5 እና 3 ለየቅል ናቸው)፣ የእንግዶች ነጥብ፣ የአገልግሎት ዝርዝሩንና የተሰረዘውን መደበኛ ዋጋ። ከዚያ በሌላ ገጽ በዚያው ድረ ገጽ፣ በዚያው ቀንና በዚያው የሰው ብዛት በስም የሚሸጡትን ሆቴሎች ያውጡ፤ በሰፈርና በኮከብ ያጣሩ። ከሌላ ድረ ገጽ ጋር አያወዳድሩ፤ አንዱ ሦስት ኮከብ ያለውን ሌላው ሦስት ተኩል ሊለው ይችላል።

እንበል ቅናሹ የፎርት ላውደርዴል ኤርፖርትና ወደብ አካባቢ፣ 3 ኮከብ፣ ነጥቡ 8 ምናምን፣ ነጻ ቁርስ፣ ነጻ የኤርፖርት ሻትል (ማመላለሻ መኪና)፣ መዋኛ፣ የእንግዳ ልብስ ማጠቢያ ይላል። በስም ከሚሸጡት ዘጠኝ ሆቴሎች ነጻ ቁርስ ያላቸው አራት ይሆናሉ። ከአራቱ ሻትል ያላቸው ሁለት። ልብስ ማጠቢያው ሲጨመር አንዱ ይወጣል። የቀረው ሆቴል ዋጋ ከተሰረዘው መደበኛ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ግምትዎ ትክክል የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሁለት ከቀሩና ሁለቱንም የሚቀበሏቸው ከሆነ ይክፈሉ። አንዱን ፈጽሞ ካልፈለጉት አይክፈሉ፤ ዕጣው እሱ ላይ የሚወድቅ ይመስል ነው ማሰብ ያለብዎ።

ከዝርዝሩ ብዙ የሚናገረው ቁርሱ ነው። ሰው ኮከብ በበዛ ቁጥር ሁሉም ነገር የሚጨመር ይመስለዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ነጻ ቁርስ በብዛት ያለው ባለ ሁለት ተኩልና ባለ ሦስት ኮከቦቹ ጋ ነው። ሬስቶራንት ያላቸው ባለ አራት ኮከቦች ቁርሱን ይሸጣሉ። ስለዚህ አራት ኮከብ ላይ «ነጻ ቁርስ» ካዩ ማጣሪያው በአንዴ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሆቴል ይወርዳል። «ማብሰያ ያለው ክፍል» የሚለውም እንዲሁ ነው።

ግምቱ የሚስተው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንድም ሆቴሉ በዚያ ቀን በስሙ የሚሸጠው ክፍል ስለሌለ ዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፤ አንድም የሰው ብዛቱን በአንደኛው ገጽ ሁለት፣ በሌላው አራት አድርገው ፈልገዋል።

ቅናሽ የተባለው ዋጋ ሲከፈል ጨመረ

ዝርዝሩ ላይ 106 ዶላር ያዩትን መክፈያው ላይ 120 ሆኖ ያገኙታል። ልዩነቱ ታክስ ነው። ፎርት ላውደርዴል ላይ የሆቴል ታክሱ 13 በመቶ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ድምር ከመጨረሻው ድምር ጋር ያነጻጽሩ። በስሙ 129 ዶላር የተባለ ሆቴል ከታክሱ ጋር 146 ገደማ ይመጣል። ቅናሽዎ እንግዲህ 26 ዶላር ነው። በስም የሚሸጠው ቁርስ ያለውና እስከ ዋዜማው ድረስ በነጻ የሚሰረዝ ከሆነ፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ ሃያ ስድስቷ ቁርስ ላይ ታልቃለች። እኛ ልዩነቱ ከጠቅላላው ሩብ ካልደረሰ ስሙን አይተን መያዝ እንመርጣለን።

የሪዞርት ክፍያ የሚባለው፣ ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በግዴታ የሚጨምረው ክፍያ፣ በተለይ ማያሚ ቢች ላይ የብዙ ሰው እሮሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ግዴታ የሆነ ክፍያ በሙሉ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት፤ የመንግሥት ታክስ ግን ተለይቶ ሊጨመር ይችላል። የመኪና ማቆሚያ ግዴታ ስላልሆነ አይካተትም። መኪና ከያዙ ሆቴሉ ሲገለጥ ደንግጠው እንዳይቀሩ በዚያ ሰፈር ያሉ ሆቴሎች ስንት እንደሚያስከፍሉ አስቀድመው ይዩ።

ሆቴሉ ደርሰው ክፍሉ አልተዘጋጀም

መርከቡ ጎህ ሲቀድ ይቆማል፤ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መውረድ ይጀምርና 4 ሰዓት ሳይሞላ መርከቡ ባዶ ይሆናል። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። መሃል ላይ አምስት ስድስት ሰዓት አለ። የቅናሽ እንግዳ ስለሆኑ የተበደሉ አይምሰልዎ፤ ክፍሉ ውስጥ የትናንቱ እንግዳ ገና አልወጣም።

ስሙ እንደተገለጠ ለሆቴሉ ራሱ (ለድረ ገጹ ሳይሆን) ይደውሉና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሻንጣ ይቀበላሉ ወይ? ቀድሞ መግባት ይቻላል ወይ፣ በስንት? ሻንጣ መቀበል የተለመደ ነው፤ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ኮምፒውተር ግን ከእጅዎ አይውጡ። የመዋኛ ልብስና ቅያሪ በትንሽ ቦርሳ ለይተው ከያዙ ክፍሉ እስኪደርስ መዋኛው ጋ መቆየት ይቻላል። በመርከቡ ላይም አይቸኩሉ። ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እወርዳለሁ የሚለውን ሰልፍ በጠዋት ለሚበሩት ትተው፣ የመጨረሻውን የመውረጃ ተራ ይጠይቁ፤ ቁርስዎን በልተው ይወርዳሉ።

ሻትሉ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ነጻ ሻትል» ማለት በብዛት ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ነው፤ ከወደብ አያነሳም፣ ካነሳም በሰው ሊያስከፍል ይችላል። ከወደቡ በኡበር ወይም በታክሲ ይሂዱ፣ ነጻውን ሻትል ለማግስቱ በረራ ይጠቀሙበት። የጠዋት ሻትል መቀመጫው ስለሚሞላ ማታውኑ ሪሴፕሽን ላይ ያስመዝግቡ።

ለአራት ሰው አንድ አልጋ

ስሙ የተደበቀ ቅናሽ የአልጋ ዓይነት ዋስትና የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚረጋገጠው ክፍሉ ሁለት ሰው እንደሚችል ብቻ ነው። ሲፈልጉ የሰውን ብዛት ከነልጆቹ በትክክል ካላስገቡ፣ አንድ ትልቅ አልጋ ያለው ክፍል ቢደርስዎ ክርክሩን ያሸንፋሉ ብለው አይጠብቁ። ከተከፈለ በኋላ ያለው መላ በዚያው ቀን ለሆቴሉ ደውሎ ሁለት አልጋ እንዲያዝልዎ በትህትና መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፍት ካላቸው እሺ ይላሉ። ልጆች ወይም ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው አዛውንት ከያዙ ግን ከመጀመሪያው ይህን መንገድ ይተዉት፤ ክፍሉን በስሙ፣ አልጋውን ቆጥረው ይያዙ።

ሪሴፕሽን ላይ «በዚህ ስም የተያዘ የለም» ተባለ

ይሄ የእኛ ሰው ችግር ነው። ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ባል በስሙ ይይዛል፣ ሚስት ልጆቹን ይዛ ቀድማ ትደርሳለች፣ ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ስም ጠይቃ ብትፈልግ አታገኝም። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ሲመጣም ያው ነው። ሲይዙ መታወቂያና ካርድ ይዞ ጠረጴዛው ፊት በሚቆመው ሰው ስም፣ በሚያሳየው መታወቂያ አጻጻፍ ይያዙ፤ ለሆቴሉ ሲደውሉም ሁለተኛውን ስም ያስጨምሩ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ለሁለቱም ስልክ ይላኩ።

ክፍያው ቢያልቅም ሆቴሉ ለጉዳት መያዣ ካርድ ይጠይቃል፤ በሌሊት 50 ወይም 100 ዶላር መያዝ የተለመደ ነው። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ምንም አይታወቅዎትም። በዴቢት ካርድ ከሆነ ግን የራስዎ ገንዘብ ለቀናት ታስሮ ይቆያል፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉም አሉ። ለጥየቃ የመጡ እናትና አባትዎን ክሩዝ ልከው ሆቴሉን እርስዎ ከከፈሉላቸው፣ እነሱ ካርድ ላይኖራቸው ይችላል። ቀድመው ለሆቴሉ ደውለው በሌለሁበት ካርዴን ተጠቀሙ የሚል የፈቃድ ቅጽ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

ቀኑ ተሳሳተ

ቅዳሜ የተነሳ የሰባት ሌሊት ክሩዝ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብን መርከቡ ላይ ያድራሉ። በጣት ቆጥሮ እሑድን የያዘ ብዙ ነው። ከክሩዙ ወረቀት ላይ የመውረጃውን ቀን እንጂ የሌሊቱን ቁጥር አይከተሉ። በረራው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሆነ ደግሞ በፈረንጅ ቀኑ ተቀይሯል፤ ትኬቱ ሰኞ ቢልም ኤርፖርት የሚሄዱት እሑድ ማታ ነው፣ የእሑድ ሌሊት ሆቴልም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ከከፈሉ በኋላ ስህተት ካዩ በዚያችው ደቂቃ ለድረ ገጹ ይደውሉ። መብት የለዎትም፤ ነገር ግን ወዲያው የደወለ በማግስቱ ከደወለ ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

መርከቡ ዘገየ

ጋልቨስተንና ታምፓ ላይ በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ጭጋግ ወደቡን ይዘጋል፤ በአትላንቲክ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በፈረንጅ ወር አቆጣጠር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ጥቂት ሰዓት ቢዘገዩ ክፍልዎ አይነካም። እኩለ ሌሊት ካለፈ ግን ሆቴሉ አልመጣም ብሎ ሊሰርዝዎና ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ከመርከቡ ዋይፋይ ደውለው «ዘግይቼ እመጣለሁ፣ ክፍሉን አትልቀቁ» ይበሉ፤ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። ቀኑ ሙሉ ካለፈ፣ ቀኑን እንዲያዛውሩልዎ በመጀመሪያ የሆቴሉን ኃላፊ ይጠይቁ። እሱ እሺ ካለ ድረ ገጹ ከእሱ ጋር ተነጋግሮ ሊለውጥ ይችላል፤ ድረ ገጹ ጋ ብቻ ቢደውሉ ግን የሚሰሙት «የማይመለስ ነው» የሚለውን ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ካለዎ ከመውረድዎ በፊት ከመርከቡ የእንግዶች ጠረጴዛ የመዘግየቱን ምክንያትና ሰዓት የያዘ ደብዳቤ ይውሰዱ፤ ከወረዱ በኋላ ያንን ደብዳቤ ማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።