ብሪም ከወንዝ ዳር ሲጠመድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ፣ ኬንሲንግተን ወይም ፍሌሚንግተን ለሚኖር ሐበሻ የማሪቢርኖንግ ወንዝ ደጁ ነው። ዘንግ ይዞ ወንዙ ዳር የሚቆመው ወገንም እየበዛ ነው። ደስ ይላል። ብሪም የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ጀልባ አያስፈልግም፣ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቀለል ያለ ዘንግ፣ ጥቂት መንጠቆና የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ብዙው ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ዓሣ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ዓሣውን ራሱ አባሮት ወይም አጥግቦት ነው።

እዚህ ያለው ብላክ ብሪም የሚሉት ነው። ጎኑ ሰፊ፣ ጀርባው እሾሃም ነው። ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ላየ ሰው ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም። ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ ተጠራጣሪ ዓሣ ነው። ኑሮው የወንዝ ውኃና የባሕር ውኃ በሚቀላቀሉበት ቦታ ነው። ምግብ ሲያገኝ ቀምሶ ይተዋል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀምሳል። ይህን ጠባዩን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል።

ዳቦውን በአንዴ መዘርገፍ

ይሄኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

ዓሣ ወደ መንጠቆው እንዲቀርብ ውኃ ውስጥ የሚበተነውን ምግብ እዚህ አገር በርሊ ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሽታው ዓሣውን ይጠራዋል፣ ፍርፋሪው ደግሞ ያቆየዋል። ሊያጠግበው ግን አይገባም። የኛ ሰው ግን እንግዳ ተቀባይ ነው መሰለኝ፣ ብሪሙንም «ብላ እንጂ፣ ምነው!» እያለ ይጋብዘዋል። አንድ ሙሉ ዳቦ እየቆረሰ ይወረውርና ከዚያ መንጠቆውን ይከታል። ደረቅ ዳቦ ደግሞ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የባሕር ወፎቹ ይወርዳሉ፣ ዳክዬዎቹ ይከተላሉ። የተረፈውን ውኃው ይወስደዋል። ብሪሙም ካለ ዳቦውን ተከትሎ ይሄዳል።

አንዱ ወንድማችን ከዳቦ ቤት የተረፈ ዳቦ በትልቅ ፌስታል ሞልቶ መጣ። ባሕሩ እየጎደለ ስለነበር ውኃው ወደታች ይፈጥናል። ፌስታሉን ገለበጠው። ከኛ በታች፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀው፣ አንድ ቬትናማዊ አዛውንት በባልዲ ላይ ተቀምጠው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ብሪም አከታትለው አወጡ። ሁለተኛውን ሲያወጡ ወደኛ እጃቸውን አውለበለቡ። ወንድማችን ሰላምታ መስሎት መልሶ አውለበለበ።

በርሊ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፉርሽካና የዳቦ ፍርፋሪ ቀላቅሉ። አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ከነዘይቱ ፈጭታችሁ ጨምሩ። ከዚያው ከወንዙ ውኃ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ፣ በመዳፍ ሲጨበጥ እስኪይዝ ድረስ እሹት። ሎሚ የምታክል ድብልብል ሥሩና ወርውሩ። በደንብ ከተጨበጠች ትሰምጣለች፣ ታች ስትደርስ ቀስ እያለች ትፈርሳለች። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። በየአሥር ደቂቃው አንድ ትበቃለች። ዓሣ መንካት ሲጀምር ደግሞ አሳንሱት።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር። የታችኛው ማሪቢርኖንግ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይፈስም። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ወደኋላ ይመለሳል። ጠዋት ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ከሰዓት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። በርሊውን ጠዋት ከመንጠቆው በላይ የጣለ ሰው፣ ውኃው ከዞረ በኋላም እዚያው ቦታ ቢጥል ዓሣውን ከራሱ እያራቀ ነው። መላው ቀላል ነው። ከመወርወራችሁ በፊት አንድ ቅጠል ውኃው ላይ ጣሉና ወዴት እንደምትሄድ እዩ። በርሊው ቅጠሏ ከመጣችበት በኩል ይጣላል፤ ሰምጦ ሲፈርስ ፍርፋሪው መንጠቋችሁ ጋ ይደርሳል።

ማታ ስታጠምዱ ደግሞ የዓሣ ዘይቱን አታብዙ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት እዚህ ወንዝ ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ዘንዶው ኢል የሚሉት ረጅምና ልጥልጥ ዓሣ ነው። ክሩን አተረማምሶ፣ በልጋግ ለውሶ፣ እጃችሁ ላይ ተጠምጥሞ ምሽታችሁን ያበላሸዋል።

ከባድ እርሳስ

ሲንከር የሚሏት የእርሳስ ኳስ አተር ብታክል በቂ ናት። ውኃው ጸጥ ካለ ጨርሶ አያስፈልግም። ብሪም ምግቡን አንስቶ መሄድ ሲጀምር ክብደት ከተሰማው ይተፋዋል። ስለዚህ እርሳሷ ክሩ ላይ እንደልብ የምትንሸራተት ትሁን። ክሩም ቀጭን ይሁን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ የሚችል። ለሻርክ የሚሆን ክር ይዛችሁ መጥታችሁ «ዓሣ የለም» አትበሉኝ።

ወንዙ መሃል ድረስ መወርወር

ሩቅ መወርወር ጉልበት ማሳያ ነው እንጂ ዓሣ መያዣ አይደለም። ብሪም ጠንካራ ጥርስ አለው፤ መስል የሚሉትን ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ቅርፊታም የባሕር እንስሳና ትንንሽ ሸርጣን እየፈረከሰ ይበላል። እነሱ ያሉት የት ነው? የድልድይ ምሰሶ ላይ፣ ድንጋዩ ሥር፣ የታሰሩ ጀልባዎች ጥላ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ ግንድ ላይ። ብዙ ጊዜ ብሪሙ ያለው እናንተ ከቆማችሁበት ጫማ ሥር ነው። እናንተ በላዩ አሻግራችሁ ትወረውራላችሁ።

ስለዚህ ከዳሩ ሁለት እርምጃ ራቅ በሉ። ጥላችሁ ውኃው ላይ አይውደቅ። ባልዲውን ዱብ አታድርጉት። ሰዓቱም ልዩነት አለው፤ ሲነጋ፣ ሲመሽና ባሕሩ መሙላቱን ጨርሶ መጉደል ሲጀምር የተሻለ ነው። ስፒከር ይዞ የሚመጣው ወንድማችን ደግሞ ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ ግን ቤቱ ያዳምጠው።

መንጠቆ ላይ የሚሰካው

እንጀራ አይሆንም። ተሞክሯል። ውኃ ሲነካው ይፈራርሳል፣ ጎትታችሁ ስታወጡት ባዶ መንጠቆ ነው።

ሊጥ ግን ግሩም ነው፣ ዋጋውም ምንም ማለት ነው። የስንዴ ዱቄት፣ የተፈረፈረ ቺዝ፣ ጠብታ ዘይት፣ ትንሽ ውኃ። እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው እሹት። በውርወራው ኃይል እየተላቀቀ ካስቸገራችሁ፣ ስታሹት ጥቂት የጥጥ ክሮች በታትናችሁ አስገቡበት። ጥጡ ሊጡን አስሮ ይይዘዋል። መንጠቆው ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል ብቻ አድርጉ፤ ጫፉም ብቅ ብሎ ይታይ። ጫፉ ሊጥ ውስጥ የተቀበረ መንጠቆ ዓሣ አይወጋም።

የዶሮ ሥጋ በቀጭኑ ተቆርጦ ይሠራል። የባሕር ትል ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ውድ ነው። ትሉን ጠቅልላችሁ አትሰኩት፤ ከራሱ ጀምራችሁ እንደ ካልሲ መንጠቆው ላይ አልብሱትና ጅራቱን ትንሽ ተዉለት፣ ይወዛወዝ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ለምግብ የሚሸጠውን፣ ፕራውን የሚሉትን የባሕር እንስሳ ጥሬውን ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ መንጠቆ ላይ አታድርጉ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ፕራውን ሰው የማይጎዳ፣ ፕራውንና ሸርጣንን ግን የሚፈጅ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ሊይዝ ይችላል። በ2016 በኩዊንስላንድ የሎጋን ወንዝ አካባቢ የፕራውን እርባታዎች ላይ ታይቶ ብዙ ኪሳራ አድርሷል። ከማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ። ሁለተኛ፣ ፖርት ፊሊፕ ቤይ በሚሉት የሜልቦርን ባሕረ ሰላጤ ዳር ከድንጋይ ላይ መስል እየላቀቁ መሰብሰብ ክልክል ነው። «ለምግብ ሳይሆን ለመንጠቆ ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም።

በመጀመሪያው ንክኪ መሳብ

«ጋሼ፣ ነክሶ ነበር እኮ! ሳብኩት፣ ሄደ።»

«አልነከሰም። ቀምሶ ነው።»

ይህን ንግግር ወንዙ ዳር ያልሰማሁበት ቅዳሜ የለም። ብሪም መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። የዘንጉ ጫፍ ትንሽ ይርገበገባል፣ ያቆማል። ጀማሪ እዚህ ላይ ዘንጉን ሰማይ ድረስ ያነሳዋል። ቆዩ እንጂ! ክሩን ላላ አድርጋችሁ በጣት ያዙት። ንክኪው ወደ መሳብ ሲለወጥ፣ ክሩ በጣታችሁ መሃል ሳያቋርጥ መሄድ ሲጀምር፣ ያኔ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉ። መንጨት አያስፈልግም። ሪል በሚሉት ክር መጠቅለያ ላይ ያለው ፍሬን ጠብቆ ከተዘጋ ደግሞ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል፤ ዓሣው ሲሮጥ ክር እንዲያገኝ ላላ ይበል።

«ትንሽ ናት ግን ትጠበሳለች»

አትጠበስም። ቪክቶሪያ ውስጥ ብሪም ቢያንስ 28 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የሚለካው አፉ ተዘግቶ፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ነው። ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው 10 ነው። ይህ ዓሣ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖርም ይችላል። ልኩ ያልደረሰችዋን መመለስ ለአገሩ ሕግ ብቻ ሳይሆን ለከርሞ ለራሳችሁም ነው። እጃችሁን አርጥባችሁ ያዟት፤ ደረቅ እጅ ልጋጓን ይገፈዋል።

የማጥመድ ፈቃድ፣ ላይሰንስም አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ፣ 70 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እንዲሁም አንዳንድ የመንግሥት ካርድ የያዙ አይጠየቁም፤ ሌላው ይከፍላል። ሰርቪስ ቪክቶሪያ ከሚባለው የክልሉ መንግሥት አገልግሎት በስልክ ይገዛል፣ ለሦስት ቀን ብቻ የሚሆንም አለ። «የያዝኩት ነገር የለም፣ ለምን እከፍላለሁ?» የሚሉኝ አሉ። ላይሰንሱ የሚጠየቀው ለማጥመድ ነው፤ መያዝ አለመያዛችሁን ተቆጣጣሪው አይጠይቅም።

የሚነፋው ዓሣ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቶድፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ ሊጡንም ትሉንም ይሰርቃል። ሲወጣ ሆዱን ነፍቶ ይከብባል፣ የፊት ጥርሱ እንደ ምንቃር ወጣ ያለ ነው። ልጆች ይወዱታል። መርዛም ነው። መጥበስም መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ከመንጠቆው አላቅቃችሁ መልሱት። ለድመትም ለውሻም አትስጡት።

ዝናብ ሲዘንብ ተስፋ መቁረጥ

ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወንዙ ቡና ይመስላል። ጥቅምት 2022 እንዳጥለቀለቀው ዓይነት ጎርፍ ከሆነ በእርግጥ ከዳሩ ራቁ። ከተራ ዝናብ በኋላ ግን ዓሣው አልሞተም፤ ወደታች ወርዷል። የዝናቡ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይሄዳል፣ ጨዋማው ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል። ወደ ባሕሩ ጠጋ ብላችሁ፣ ጠለቅ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ፣ ትል ይዛችሁ ሞክሩ። ውኃው ሲደፈርስ ብሪም ምግቡን በዓይኑ ሳይሆን በማሽተት ነው የሚፈልገው።

ፌስታል

ዓሣ በጥቁር ፌስታል ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ውሎ «ሸተተ» ማለት ምን ይባላል? በረዶ ያዙ።

ከወሰዳችሁት በኋላም አንድ ነገር። ይህ የከተማና የፋብሪካ ወንዝ ነው። የቪክቶሪያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በታችኛው ያራ ወንዝና በማሪቢርኖንግ የተያዘ ዓሣ በብዛት እንዳይበላ ምክር አውጥቷል፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በተለይ ይጠንቀቁ። ወቅታዊውን ምክር ድረ ገጹ ላይ አንብቡ። ጾም ሲመጣ «ዓሣ ይፈቀዳል» የሚሉ ቤተሰቦች ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ወንዝ እንዲበሉ አልመክርም። ክርክሩን ለካህናቱ ትቻለሁ።

መንጠቆውን ከሆዱ መቆፈር

ዓሣው መንጠቆውን ከዋጠውና ልትመልሱት ከሆነ በጣት አትጎርጉሩት። ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት፤ ከመጎርጎሩ ይልቅ እንዲህ የመትረፍ ዕድል አለው። የተቆረጠውን ክር ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፣ የወፍ እግር ያንቃል። ከንፈሩ ላይ የተያዘውን ግን በፒንሳ ማውጣት ሰከንድ አይፈጅም። ሲያዝ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ እጅ ይወጋል፤ ከራሱ ወደ ጅራቱ በመዳፍ እያስተኛችሁ ያዙት። ፒንሳ ከሌላችሁ ጠይቁኝ፣ አዋሳለሁ። መልሱልኝ ብቻ። ባለፈው ያዋስኩት እስካሁን አልመጣም፤ የወሰደው ሰው ይህን እያነበበ እንደሆነ አውቃለሁ።